ደብሊው-2፣ ኡበርና ዕቁብ አንድ ላይ ሲመጡ ታክስ የሚታሰብበት ገቢያችን ስንት ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ2025ን የአሜሪካ ታክስ የሚሠራልን ሰው የላከልንን ረቂቅ ሳየው ግራ ገባኝና ሳልፈርም አቆየሁት። ከባለቤቴ ጋር በጋራ ነው ፋይል የምናደርገው፤ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን፣ የምንኖረው በኪራይ ነው።

እኔ ሆቴል እሠራለሁ፣ ደብሊው-2ዬ (አሠሪዬ የሰጠኝ የዓመቱ የደመወዝ ወረቀት) ቦክስ 1 ላይ 38,400 ዶላር ይላል። ማታ ማታና ቅዳሜ ኡበር እነዳለሁ። የመጣልኝ 1099-ኬ (የዓመቱን ክፍያ ድምር የሚያሳይ የታክስ ወረቀት) 31,200 ይላል፣ ባንኬ የገባው ግን 21,800 ብቻ ነው። ባለቤቴ ሆስፒታል ነርሲንግ አሲስታንት ናት። የሷ ቦክስ 1 ላይ 46,600፣ ቦክስ 3 ላይ ደግሞ 50,600 ተጽፏል፤ የቱን እንደምንይዝ አላወቅንም። ከባንክ ወለድ 210 ዶላር አግኝተናል። በነሐሴ የ20,000 ዶላር ዕቁብ ወጥቶልኛል። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ በዓመቱ 3,600 ልኬላታለሁ። ለቤተ ክርስቲያን 2,400 ሰጥተናል።

ረቂቁ ላይ የኡበሩ 31,200 አንድም ወጪ ሳይቀነስለት እንዳለ ትርፍ ተብሎ ተቀምጧል። አንድ ጓደኛዬ "ባንክ የገባውን 21,800 ብቻ ጻፍ" ይለኛል። ሌላው ዕቁቡም ገቢ ነው ይላል። ማንን ልስማ?

የአርሊንግተን ሹፌር

ወንድሜ፣ ሦስቱንም አትስማ። 31,200 ማለት ተሳፋሪዎቹ የከፈሉት ጠቅላላ ነው፣ ኡበር የቆረጠውም እዚያው ውስጥ አለ። የዚያ ወረቀት አንድ ቅጂ አይአርኤስ (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት) እጅ ገብቷል። አንተ 21,800 ብለህ ብትጽፍ ቁጥሩ ስለማይገጥም ደብዳቤ ይመጣብሃል። ስለዚህ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ) ላይ ከላይ 31,200ን ጻፍ፣ ኡበር የወሰደውን 9,400 ደግሞ ከታች በወጪ አስገባ። አካውንትህ ውስጥ ገብተህ የዓመቱን የታክስ ማጠቃለያ ብታወርድ ኮሚሽኑና ክፍያዎቹ ተዘርዝረው ታገኛቸዋለህ።

ትልቁ ግን ማይሉ ነው። ለ2025 አንድ የሥራ ማይል 70 ሳንቲም ያስቀንሳል። ስንት ነድተሃል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

የኡበር ማጠቃለያ 11,000 ይላል፣ እኔ በደብተር የያዝኩት 18,000 ነው። የጋዝ፣ የዘይት ቅያሪና የኢንሹራንስ ደረሰኝም አለኝ። ቶል (የመንገድ ማለፊያ ክፍያ) እና የስልኬ የሥራ ድርሻ ተደምሮ 600 ይሆናል።

የአርሊንግተን ሹፌር

ማጠቃለያው የሥራ ማይልህን ሁሉ ላይይዝ ይችላል። አንዱን አውርደህ፣ አፑ እንደበራ ሌላ ጥሪ ስትጠብቅ የነዳኸውም የሥራ ማይል ነው። ለራስህ ጉዳይ የሄድክበትን ግን አታስገባ። ደብተርህ ላይ ቀኑ፣ የሄድክበት፣ ምክንያቱና ማይሉ ካለ ዋጋ አለው። የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ ላይ ሜካኒኩ የመኪናዋን ኪሎሜትር ቆጣሪ ንባብ፣ ማለቴ ማይሏን፣ ጽፎ ይሰጣል አይደል? እሱን አትጣል፤ ደብተሩ የኋላ ኋላ የተጻፈ አለመሆኑን የሚመሰክርልህ እሱ ነው።

18,000 በ70 ሳንቲም 12,600 ዶላር ነው። ማይሉን ከወሰድክ ግን ጋዝ፣ ዘይት፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ደግመህ አታስገባም፤ 70 ሳንቲሙ ሁሉንም ይዟል። ቶልና ለሥራ የከፈልከው ፓርኪንግ ለብቻ ይቀነሳል። አንድ ነገር አጣራ፦ መኪናዋ የራስህ ከሆነች፣ ለሥራ ባዋልክበት በመጀመሪያው ዓመት በማይል መጀመር ነበረብህ። ያኔ በደረሰኝ ጀምረህ ከሆነ አሁን ወደ ማይል መዞር አይቻልም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

መንዳት የጀመርኩት በ2025 ነው፣ እዚያ ላይ ችግር የለም።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት

ልጄ፣ ዕቁብ ገቢ ነው ያለህን ሰው ተወው። በየወሩ ስትጥል የኖርከው የራስህ ገንዘብ ነው፣ ተራህ ደርሶ ተሰጠህ፤ ትርፍ የለውም። እኛ ሰፈር ብዙ ሰው የሚደናገጠው ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ባንክ ሲያስገባ ባንኩ ሪፖርት ስለሚያደርግ ነው። ያ ሪፖርት ታክስ አይደለም። ይልቅ ፈርተህ 9,000፣ 8,000 እያልክ ከፋፍለህ እንዳታስገባ፣ ወንጀል የሚሆነው እሱ ነው። የአባላቱን ስምና ተራ የያዘውን የዕቁብ ወረቀት ብቻ አስቀምጥ።

ለእናትህ የላክኸው ከታክስ አይቀነስም። እሷን በጥገኝነት ማስመዝገብም አይቻልም፤ ጥገኛ የሚሆነው የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ ነው። እግዜር ይስጥልኝ የምትልህ እሷ ናት እንጂ አይአርኤስ አይደለም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ እኔ ሒሳቡን ላስኪደው።

መጀመሪያ የባለቤትህ ወረቀት። የሚያዘው ቦክስ 1 ነው፣ 46,600። ቦክስ 3 የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) መዋጮ የሚታሰብበት ደመወዝ ነው። የ4,000 ልዩነት ለጡረታ ያስቀመጠችው ሳይሆን አይቀርም፤ ቦክስ 12 ላይ በዲ ወይም በኢ ፊደል ተጽፎ ታገኘዋለህ። ቦክስ 1 ላይ ተቀንሶ ስለመጣ እንደገና አይቀነስም።

ኡበር፦ 31,200 ሲቀነስ 9,400፣ ሲቀነስ 12,600፣ ሲቀነስ 600፤ ትርፍህ 8,600 ነው። እንግዲህ ረቂቁ 22,600 ዶላር ያልነበረ ትርፍ ጭኖብህ ነበር።

ሁሉም ሲደመር 38,400 + 46,600 + 8,600 + 210 = 93,810።

በ8,600ው ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የመንግሥት ጤና መድን) መዋጮውን ሁሉ ራስህ ትከፍላለህ። የትርፉ 92.35 በመቶ በ15.3 በመቶ ሲባዛ 1,215 ይመጣል። ግማሹ፣ 608፣ ከገቢ ይቀነሳል። 93,202 ቀረ።

በጋራ ለሚሞሉ የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ወጪ ሳይዘረዝሩ የሚቀነስ ቋሚ መጠን) 31,500 ነው። የቤተ ክርስቲያኑ 2,400 የሚጠቅማችሁ ተቀናሾቻችሁ ተዘርዝረው ከ31,500 ቢበልጡ ነበር፤ የቤት ብድር ለሌለው ሰው ይህ ከባድ ነው። ከ2026 ጀምሮ ግን ሳይዘረዝሩም በጋራ እስከ 2,000 ዶላር ስጦታ ማስቀነስ ይቻላል፣ ተቀባዩ እዚህ አገር የታወቀ በጎ አድራጎት ከሆነ። ስለዚህ የ2026ን ደረሰኝ ያዙ። አሁን 61,702 ላይ ነን።

ባለቤትህ ኦቨርታይም ሠርታለች?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

አዎ። በሰዓት 20 ናት፣ ኦቨርታይሙ 30። በመጨረሻው የደመወዝ ወረቀቷ ላይ የዓመቱ ኦቨርታይም 9,000 ይላል። ለእኔ ደግሞ ማጠቃለያው ላይ 640 ዶላር ቲፕ (ጉርሻ) አለ፣ 1099-ኬው ውስጥ ገብቷል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ሁለቱም በ2025 የወጣው አዲሱ የታክስ ሕግ ያመጣቸው ተቀናሾች ናቸው። ከኦቨርታይም የሚቀነሰው ጭማሪው ብቻ ነው፣ ከ30ው 10ሩ፤ በአንድ ተኩል ለሚከፈል ሰው ለሦስት ማካፈል ነው። ከ9,000 የሚቀነሰው 3,000። የ2025 ደብሊው-2 ላይ ለብቻው ላይጻፍ ስለሚችል ያቺን የደመወዝ ወረቀት ከፋይሉ ጋር አስቀምጧት። 58,702።

ቲፑ 640 ይቀነሳል፤ 58,062። ከዚያ ለግል ሥራ የሚሰጠው የ20 በመቶ ተቀናሽ አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከ8,600 ላይ 608ን እና የተቀነሰውን ቲፕ አውጣ፣ 7,352 ይቀራል። 20 በመቶው 1,470 ነው።

ታክስ የሚታሰብበት ገቢያችሁ 56,592 ዶላር ነው።

ቲፑ ባይኖርበት 57,104 ነበር። ስለዚህ 640ው ያወረደላችሁ 512 ብቻ ነው፣ ከ20 በመቶው በኩል መልሶ ይወስዳል። በዚያ ላይ ቲፑ ከ15.3 በመቶው አያመልጥም።

የአርሊንግተን ሹፌር

የልጆቹስ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ

የልጆች ክሬዲት እዚህ አይገባም። እሱ የሚቀነሰው ከገቢው ሳይሆን ከታክሱ ነው፤ መጀመሪያ በ56,592 ላይ ታክሱ ይሰላል፣ ወደ 6,300 ዶላር ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ 2,200፣ በድምሩ 4,400 ይቀነሳል። በቀረው ላይ የኡበሩ 1,215 ይደመርና ከደመወዛችሁ ከተቆረጠው ጋር ይተያያል። ሜሪላንድ የራሱ ሒሳብ አለው፣ ካውንቲውም ይጨምርበታል፤ እሱን ከዚህ ጋር አታደባልቀው።

ረቂቁን መልስለትና ስኬጁል ሲ ላይ የወጪ መስመሮቹ ለምን ባዶ እንደሆኑ ጠይቀው። ምናልባት ማጠቃለያውን አልሰጠኸው ይሆናል። የ2025 ታክስ ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15፣ 2026 ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እውነትም የሰጠሁት 1099-ኬውን ብቻ ነው፣ እሱም ሌላ አልጠየቀኝም። የቶሉን ወረቀት ግን ሁሉንም አልያዝኩም።

የአርሊንግተን ሹፌር

ኢዚ ፓስ (የቶል መክፈያ) አካውንትህ ውስጥ የየወሩ ስቴትመንት አለ። አውርደው፣ ኡበር ላይ ያልነበርክባቸውን ቀናት ሰርዝ፣ ኡበር የመለሰልህን ቶልም ከ600ው ጋር አስተያይ፤ ሁለቴ እንዳይቀነስ።