ጥቆማ፦ ደቡብ አፍሪካን በካምፐር መኪና ለመዞር ላሰባችሁ

ሱሉልታ ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ያቺ አልጋና ምድጃ ያላት መኪና እንዴት ነው የምትከራየው? ከዚህ ምን ይዘን እንሂድ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግም አንዴ ልጻፈው አልኩ።

የሄድነው አራት ሆነን ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች። ከጆሃንስበርግ ተነስተን ድራከንስበርግ ተራሮች ገባን። ከዚያ ወደ ደርባን ወረድንና ባሕሩን በግራ ይዘን እስከ ኬፕታውን ነዳን። 18 ቀን ፈጀብን፤ ሦስት አራት ቀን ብንጨምርበት ደግሞ ባልጠላን።

ዋናውን መጀመሪያ ልበለው። ባሕሩንም ተራራውንም ማየት ከፈለጋችሁ ትልቁን መኪና አትከራዩ። እኛ ተከራይተን አየነው።

ምርጫው ይህን ይመስላል። አንደኛው ስድስት ሰው የሚያስተኛው ሞተርሆም ነው። ሻወር፣ ሽንት ቤት፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ ሳይቀር አለው። ከውጭ ስታዩት ነጭ የተቀባ ቅጥቅጥ በሉት። ሌላው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ጣሪያው ላይ ሁለት ድንኳን ታጥፎ ተጭኖበታል፣ ማታ ዘርግታችሁ በመሰላል ትወጣላችሁ። ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ሳህኑ ሁሉ ከኋላ መሳቢያ ውስጥ ነው። ለባልና ሚስት የምትሆን ትንሽ ቫንም አለች። የኛን ዶልፊን ወንበሯ ወጥቶ አልጋ ሲገባላት አስቡት። ለሁለት ሰው እሷው ትበቃለች።

እኛ ትልቁን ያዝን። ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ በሚባለው የሐበሻ ነጋዴዎች ሰፈር ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የራሱን ባለ ድንኳን ሃይሉክስ ይዞ የመጀመሪያውን ሳምንት አብሮን ተጓዘ። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን አይተናል።

ልዩነቱ የገባኝ ገና በሁለተኛው ቀን ነው። ወደ ተራራው የሚያስገባ ኦሊቪየርስሁክ የሚባል ቁልቁለት አለ። እንጦጦን በየቀኑ የሚወርድ ሰው ቁልቁለት አያስፈራውም፤ ማርሽ ቀንሶ ቀስ እያሉ መውረድ ነው። ያስደነገጠኝ ከኋላዬ የሰማሁት ድምፅ ነው። የላይኛው ቁም ሳጥን መቆለፊያው በደንብ አልገጠመም ኖሮ ኩርባው ላይ ተከፈተ። ባለቤቴ በጋቢ ጠቅልላ ያስቀመጠቻት ጀበና ወለሉ ላይ ዱብ አለች። ዳር ይዘን አቆምን። ባለቤቴ ጋቢውን ስትፈታው የጀበናዋ አንገት ብቻውን ተንከባሎ ወንበር ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ እስከ ኬፕታውን ቡናችን በማንቆርቆሪያ ነበር የሚፈላው። የአክስቴ ልጅ መሳቢያ ውስጥ ግን አንድ ሲኒ እንኳን ንቅንቅ አላለም። ይህን ደግሞ በየቀኑ ያስታውሰን ነበር።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ኬፕታውን አካባቢ በጋውን ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ አየሩን ያጸዳል ብለው «የኬፕ ዶክተር» ይሉታል። እኛ የደረስነው ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ቢሆንም ኬፕ አጉልሃስ ላይ አገኘን። የአፍሪካ ምድር በደቡብ በኩል የሚያልቀው እዚያ ነው። ከመኪናው ጎን የሚዘረጋ ሸራ አለ፣ ለጥላ። ዘርግተነው ሻይ ልንጥድ ዞር ስንል ነፋሱ ወደ ላይ ገለበጠውና ክንዱን አጣመመው። አከራዩ ከማስያዣችን ላይ ቆረጠ። ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

የቆጨኝ ግን ሸራው አይደለም፣ ስዋርትበርግ ነው። ከኡድትስሆርን ወደ ፕሪንስ አልበርት የሚያሻግር የተራራ መንገድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1888 የተከፈተ። እስረኞች ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ የደረደሩት ግንብ እስካሁን ቆሟል። ጫፉ 1,583 ሜትር ቢሆን ነው፣ ለኛ ተራራ አይባልም፤ የሚያስጎመጀው መንገዱ ነው። ግን ጠጠር ነው። የትልቁ መኪና ውል ደግሞ ከአስፋልት መውጣት ይከለክላል። በሜይሪንግስፑርት ሸለቆ በአስፋልት ዞርን። እሱም መጥፎ አይደለም፤ አንዱን ወንዝ 25 ጊዜ ይሻገራል። ልጆቹ ሲቆጥሩ 19 ላይ ሲደርሱ ተጣሉ።

ወደ ሌሶቶ የሚያወጣው የሳኒ አቀበትም እንደዚያው ነው። ባለ ፎር ባይ ፎር ካልሆነ አያሳልፉም። ጫፉ ላይ 2,874 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መጠጥ ቤት ከአፍሪካ ከፍተኛው እኔ ነኝ ይላል። የእንጦጦን ጠላ ቤቶች የጠየቀ የለም ማለት ነው። ልትወጡ ካሰባችሁ ድንበር እንደምትሻገሩ አትርሱ። የሌሶቶን ቪዛ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ የደቡብ አፍሪካው ቪዛችሁም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ መመለሻ ታጣላችሁ።

ስለ ማደሪያ። መንገድ ዳር አቁሞ ማደር የሚባል ነገር አታስቡ፤ ለደህንነትም አይሆንም። ካምፕ በየቦታው አለ። ሁለቱን ላወዳድር። ማሃይ ድራከንስበርግ ውስጥ ሮያል ናታል ፓርክ ላይ ነው። ከፊታችሁ አምፊቲያትር የሚሉት አምስት ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገደል ተዘርግቷል። ከላዩ የሚወርደው የቱጌላ ፏፏቴ 948 ሜትር ነው፣ በደረጃ በደረጃ የሚወርድ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ለሱሉልታ ሰው ግን ቤቱ ነው። ሁለተኛው ስቶርምስ ሪቨር ማውዝ ነው፣ ጋርደን ሩት ብሔራዊ ፓርክ ጺጺካማ ክፍል ውስጥ። ማዕበሉ አለቱን ሲመታ ጠብታው መስታወታችሁ ላይ ያርፋል። በ77 ሜትር ተንጠልጣይ ድልድይ የወንዙን አፍ ትሻገራላችሁ። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ስቶርምስን እመርጣለሁ፣ ጦጦቹ ቢዘርፉኝም። ባለቤቴ ዳቦ ቆርሳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ቢላውን ልታጥብ ዞር አለች። አንዷ ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ትልቁን ቁራሽ መርጣ ወሰደች። ትንሹን ትታልናለች።

መንዳቱ በግራ ነው። ሁለት ቀን ያስጨንቃል፣ ከዚያ ይለመዳል። የአክስቴን ልጅ ሃይሉክስ ስነዳ ፍሬቻ ላበራ እያልኩ ስንቴ የዝናብ መጥረጊያውን እንዳስነሳሁት! አራቱም አቅጣጫ ላይ «ቁም» የሚል ምልክት ያለበት መስቀለኛ ስታገኙ ደግሞ መጀመሪያ የደረሰ መጀመሪያ ያልፋል። መጀመሪያ አፍንጫውን ያስገባ አይደለም። ከኢስተርን ኬፕ በሚያልፈው ኤን 2 መንገድ ላይ ከብትና ፍየል እንደኛው አገር አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ በማታ አትንዱ። እግረ መንገዳችሁን ቁኑን ታልፋላችሁ፣ ማንዴላ ያደገበትና የተቀበረበት መንደር። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዱን ለልጆቹ ስነግራቸው አላመኑኝም።

ወቅቱን በኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። የኬፕታውን ዝናብ ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፣ ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ። የድራከንስበርግ ተቃራኒው ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አያጣውም። ስለዚህ ሁለቱን የሚያስታርቀው መስከረምና ጥቅምት ወይም መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ነው። ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጀመሪያ ግን የአገሬው ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ኪራዩም ካምፑም ይወደዳል።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ፣ ከዚህ ምን ይገዛል ላላችሁ። ስሊፒንግ ባግ አዲስ ከሱቅ ከመግዛት መርካቶ ሳልባጅ ከሚሸጡት ፈልጉ። እኛ ሁለት ከዚያ፣ ሁለት ደግሞ ለገጣፎ መንገድ ላይ ካለ ሱቅ ገዛን። የሱቁ አዲስ ነው፣ ዚፑ በሦስተኛው ሌሊት ተበጠሰ። የሳልባጁ ያረጀ ይመስላል እንጂ ማሃይ ላይ ያሞቀን እሱ ነው። ከላይ ጋቢ ጣል ማድረግ ነው። የካምፕ ጋዝ ምድጃ ከዚህ አትግዙ። የጋዝ ጣሳ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፣ መኪናውም የራሱ ምድጃ አለው። የመብራት ሶኬታቸው ሦስት ወፋፍራም ክብ ጥርስ ነው፣ የኛ ቻርጀር አይገባበትም። ማከፋፈያውን እዚያው ሱፐርማርኬት ግዙ። ከምግብ ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ይበቃል። ቅቤና ቋንጣ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ የሥጋና የወተት ውጤት ያለ ፈቃድ አያስገቡም። ጆሃንስበርግ ካረፋችሁ ጄፒ ላይ እንጀራውም በርበሬውም አለ።

የቪዛው ወረቀት ላይ ኤጀንት ወይስ ራስ? እኔ ራሳችሁ ጨርሱት ባይ ነኝ። እኛ በኤጀንት ጀመርን፣ ስሙን ተዉት። የባለቤቴን የትውልድ ቀን ከኛ ወደ ፈረንጅ ሲቀይረው ተሳሳተ፣ ቅጹ ከፓስፖርቷ ጋር አልገጠመም፣ ሁለት ሳምንት ባከነ። በሁለተኛው ዙር ራሳችን ሞላን። ልጅ ከያዛችሁ የወላጅ ስም ያለበት የልደት ሰርተፊኬት አዘጋጁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከወሰዳችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ትልቁ ራስ ምታት ማስያዣው ነው። ክሬዲት ካርድ ላይ ነው የሚይዙት፣ ካርዱም በተከራዩ ስም መሆን አለበት ይላሉ። እኛን ያዳነን የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ተከራይ ሆኖ ፈረመ፣ እኔ ሁለተኛ ሹፌር ተብዬ ተመዘገብኩ። እዚያ ዘመድ ከሌላችሁ መኪና ከመምረጣችሁ በፊት ባንካችሁ ጋ ሄዳችሁ ምን ዓይነት ካርድ እንደሚሰጡ ጠይቁ። የኪራዩን ዋጋ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ ብሩም ራንዱም የት እንደሚያድር አይታወቅም።

«ትልቁን አትከራዩ» ማለቴን የሰማች ከለቡ አንዲት እናት እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፦ «ወንድሜ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ይዘህ ሌሊት በመሰላል ውረድና ሽንት ቤት ፈልግ፣ ከዚያ ታወራለህ። እኛ በትልቁ ነው የዞርነው፣ ጋርደን ሩትን ብቻ። አንድ ቀን አልተቸገርንም።»

እውነቷን ነው፣ እህቴ። ከሞሰል ቤይ እስከ ስቶርምስ ሪቨር ባሕሩን ብቻ ለሚል፣ ሕፃን ለያዘ ሰው፣ ትልቁን ቢይዝ እኔም አልከራከርም፤ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው። የሽንት ቤቱን ሳጥን በየሁለት ቀኑ ማን እንደሚደፋ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። እኛ ቤት ዕጣው በየጊዜው እኔ ላይ ይወድቅ ነበር።

ከሰበታ አንድ ጋሼ ደግሞ ጠየቁኝ፦ «የኔ ልጅ፣ መንጃ ፈቃዴ የአውቶሞቢል ነው፣ ይሄን የሚያህል መኪና ያስነዱኛል ወይ?»

ጋሼ፣ ወሰኑ ክብደቱ ነው። እዚያ አገር በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ ነው። አንዳንዱ ትልቅ ሞተርሆም ይህን ያልፋል፣ አከራዩን አስቀድመው ይጠይቁት። ሃይሉክሱ ከዚያ በታች ነው። ደግሞ ከመሄድዎ በፊት የሰፈር ዶልፊን ተከራይተው፣ ወንበሯን አስወጥተው ፍራሽ አንጥፈው፣ ወንጪ አንድ ሌሊት ይደሩባት። እኛ አድረናል። ባለቤቴ መኪና ውስጥ እንቅልፍ እንደሚወስዳት፣ እኔን ደግሞ እንደማይወስደኝ ያወቅነው እዚያ ነው።

ሁለቱ የሳልባጅ ስሊፒንግ ባጎች ቤት ተቀምጠዋል፣ እስከ ፋሲካ አልፈልጋቸውም። ሱሉልታ ድረስ መጥቶ የሚወስድ ካለ ይንገረኝ።