መርከቡ ሮተርዳም ሲገባ ወንድሜን ማየት እችላለሁ?

ከሮተርዳም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ባህር ዳር ማሪታይም ጨርሶ የኮንቴይነር መርከብ ላይ በኢንጂን ካዴትነት፣ ማለትም የሞተር ክፍል ሠልጣኝ ሆኖ፣ ተቀጥሯል። እኔም ስልኬ ላይ የመርከብ መከታተያ አፕ ጭኜ እሱን ሳይ ነው የምውለው። በሚቀጥለው ሳምንት እዚህ ይገባል ይላል። ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። ዶሮ ሠርቼ ወደቡ በር ላይ ልጠብቀው አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን «ዝም ብለሽ ብትሄጂ ማን ያስገባሻል» ይለኛል። እውነት ነው? እሱስ መውጣት ይችላል? የአውሮፓ ቪዛ የለውም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ከለገሃር፣ አዲስ አበባ፦
እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ግን መላ አለው። ረጅም ዓመት ባሕር ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚህ ለገሃር አካባቢ ነው የምውለው። የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የተርሚናሉን፣ ማለትም መርከቡ ቆሞ የሚያራግፍበትን ቦታ፣ ስም እወቂ። «ሮተርዳም ገባ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ወደቡ ከከተማው ተነስቶ ባሕሩ ድረስ የተዘረጋ ነው። ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች የሚቆሙት ማስፍላክተ በሚባለው ጫፍ ላይ ነው። ከመሃል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ እንደመሄድ በይው። ስሙን ወንድምሽ ከመርከቡ ኃላፊዎች ጠይቆ ይላክልሽ።

ሁለተኛ፣ አፑን ብዙ አትመኚው። የመግቢያው ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ሲቀያየር ሊያድር ይችላል። ማረፊያው ካልተለቀቀ መርከቡ ውጭ መልሕቅ ጥሎ ይጠብቃል። ከገባም በኋላ የኮንቴይነር መርከብ ብዙ አይቆይም፤ አራግፎ፣ ጭኖ ውልቅ ነው። ወንድምሽ ደግሞ የሞተር ክፍል ልጅ ነው። ነዳጅ የሚሞላው፣ መለዋወጫ የሚገባው፣ ተቆጣጣሪ የሚመጣው ወደብ ላይ ስለሆነ ሥራ የሚበዛበት ያኔ ነው። ሙሉ ቀን አብራችሁ እንደምትውሉ አታስቢ። ሦስት አራት ሰዓት ካገኘሽው ተመስገን በይ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መውጣት ይችላል። በሼንገን ሕግ መርከቡ ወደብ ላይ እስካለ ድረስ መርከበኛ ያለ ቪዛ ወደ ምድር ይወርዳል። ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው በዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት መሠረት የተሰጠ የመርከበኛ መታወቂያ ነው። ሁለተኛው ስሙ ለድንበር ፖሊስ በሚቀርበው የሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ነው። ፈቃዱ ወደቡ ላለበት ከተማና ለአጎራባች ማዘጋጃ ቤቶች ብቻ ነው። ስለዚህ ሮተርዳም ቤትሽ ወስደሽ ብታበይው ችግር የለውም። «አምስተርዳምን ላሳየው» ብለሽ ባቡር ላይ እንዳታወጪው። እዛ ፖሊስ ቢጠይቀው ቪዛ የሌለው ሰው ነው።

ይህ ግን ከመርከቡ ለሚወርድና ወደ መርከቡ ለሚመለስ ነው። ኮንትራቱን ጨርሶ ከሮተርዳም በአውሮፕላን ወደ አገር የሚገባ ወይም ከአገር መጥቶ እዛ የሚሳፈር ከሆነ ቪዛ ይጠየቃል። ያንን ኩባንያውና ኤጀንቱ፣ ማለትም የመርከቡ የወደብ ወኪል፣ ናቸው የሚጨርሱት።

አንቺ መግባትሽን እርሺው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ አይኤስፒኤስ የሚባል የጸጥታ ደንብ አለ። በዝርዝር ላይ ስሙ የሌለ ሰው የተርሚናል በር አያልፍም። ካፒቴኑ አስቀድሞ ጠይቆ ቤተሰብ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ለካዴት እህት ግን ይህን ሁሉ የሚያደርግ ካፒቴን ብርቅ ነው። በሩ ላይ ቆመሽ ብትደውይም እሱ ወዳንቺ በእግሩ አይመጣም። ማስፍላክተ ውስጥ ሹፌር የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ኮንቴይነር ተሸክመው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከመርከብ እስከ በር በተርሚናሉ መኪና ነው የሚኬደው።

የሚሻለው የመርከበኞች ማዕከል ላይ መገናኘት ነው። በብዙ ትልልቅ ወደቦች አለ። ሚኒባስ ልከው መርከበኛውን ከበር ያነሳሉ፤ ብዙዎቹ በነፃ፣ አንዳንዶቹ በትንሽ ክፍያ። ዋይፋይ አለ፣ ሲም ካርድ ይሸጣሉ፣ ቡና አለ፣ የሚቀመጡበት ሶፋ አለ። አንቺም ገብተሽ ብትጠብቂው ማንም ምን ፈለግሽ አይልሽም። ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሱት የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅቶች ናቸው። ሚሽን ቱ ሲፌረርስ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ ያለ የአንግሊካን ድርጅት ነው። ስቴላ ማሪስ የካቶሊክ ነው፤ በ1920 ግላስጎው ላይ ተጀመረ። እዚህ እናቶች «ልጄን ሃይማኖቱን ሊያስቀይሩት ነው ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ማንም ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሂንዱውም አንድ ቢሊያርድ ከበው ሲጫወቱ ነው የምታዪው።

ዶሮውን ሥሪ። ማዕከሉ ውስጥ አብራችሁ ብሉ፤ የተረፈውን ተሸክሞ ይመለስ። በቁልፍ በሚዘጋ ዕቃ አድርጊለት እንጂ የመርከቡ ኩክ አንዴ ከቀመሰ አይለቅም።

ከሮተርዳም፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ይኼን ሁሉ ማን ይነግረኝ ነበር። መርከቡ ከዚህ በኋላ ወደ አሜሪካ ይሻገራል አለኝ። ሂውስተን ደግሞ አክስታችን አሉ። እዛም እንዲሁ ነው?

ከሂውስተን፦
እዚህ እንዲሁ አይደለም እህቴ። እኔ ወደብ አካባቢ የጭነት መኪና ነው የምነዳው፣ በየቀኑ አያቸዋለሁ። አሜሪካ ላይ መርከበኛ ለመውረድ ሲ1/ዲ የሚባለው ቪዛ ፓስፖርቱ ላይ መኖር አለበት። ከሌለው መርከቡ ላይ ይቆያል፤ ካፒቴኑም እንዳይወርድ የመጠበቅ ግዴታ ይጣልበታል። ከተማው መብራቱ እየታየው እዛው ያድራል። ቪዛ ካለው ደግሞ የኢሚግሬሽኑ ሰው መርከቡ ድረስ መጥቶ አይቶት የመውረጃ ፈቃድ ይሰጠዋል። ፈቃዱ እስከ 29 ቀን የሚደርስ ሆኖ መርከቡ ሲነሳ ያበቃል።

አንድ የተሻሻለ ነገር አለ። ድሮ ከመርከብ እስከ በር የሚያጅብህን ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ተርሚናሎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ደንብ ግን ተርሚናሉ መርከበኛውን ያለ ክፍያ እንዲያሳልፍ ያስገድዳል። ከበሩ ወዲያ ያለው ታክሲ ግን የራሱ ጣጣ ነው። አክስትሽ መኪና ካላቸው በር ላይ ሳይሆን ማዕከሉ ጋ ይጠብቁት።

ከለገሃር፦
ወንድሜ ጥሩ ብለሃል። ቪዛውን እዚህ ሳሉ ነው መጨረስ ያለባቸው። ባሕር ላይ ሆነው ሽሮ ሜዳ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ መግባት አይችሉም። አውስትራሊያም ቪዛ ትፈልጋለች። የእነሱ የመርከበኛ ቪዛ ግን በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። የትም ይሂድ የት ሞልቶ መያዝ ነው።

ሌሎች ልጆቻችሁም እየወጡ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲነሱ የማየውን ልጨምር። እዚህ ለገሃር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፈንጠር ብሎ፣ የባሕር ሰዎች የሚቀመጡበት ካፌ አለ። ሰሞኑን አንዱ ልጅ ሊበር ሁለት ቀን ሲቀረው ወረቀቱን ይዞ መጣ። የፕላስቲክ ፋይሉን ከፈተና ማኪያቶው አጠገብ ደረደረው፤ ፓስፖርት፣ ሲማን ቡክ (የመርከበኛ ደብተር)፣ የሥልጠና ሰርተፊኬቶች፣ የጤና ምርመራ፣ ኮንትራት፣ የኩባንያው ደብዳቤ። ሁሉም አለ። ቢጫ ካርዱ የለም። መርከቡ ደግሞ የሚጠብቀው ደርባን! ደቡብ አፍሪካ ከእኛ አገር የሚመጣን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። አስር ቀን ሳይሞላው ደግሞ ክትባቱ ዋጋ የለውም። ልጁ ክትባቱን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ሳለ ተከትቦ ኖሮ እናቱ ካርዱን ከቁምሳጥን አውጥተው በዕቃ አድራሽ ሞተር ላኩለት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ ዕድሜ ልክ ስለሚሠራ ተረፈ።

አንዳንድ አየር መንገድ ደግሞ ኤጀንቱ «ኦኬ ቱ ቦርድ» የሚባለውን ማረጋገጫ ካላስገባ ቦሌ ላይ አያሳፍርም። ወደ አየር ማረፊያ ሳይወጡ በፊት መግባቱን ይጠይቁ። ሻንጣውንም ይጠይቁ፤ የመርከበኛ ትኬት ብዙ ጊዜ ከተራው ትኬት የበለጠ ኪሎ ይፈቅዳል።

ሻንጣው ውስጥ ምን ይግባ? ሽሮና በርበሬ ይዘህ ሂድ፣ ጾም ሲገባ ታመሰግነኛለህ። መርከብ ላይ ሲበዛ ሩዝና ሥጋ ነው። ነገር ግን ወደብ ላይ ይዞ መውረድ የለም። በተለይ አውስትራሊያ፤ እህልና ቅመም ከመርከብ ይዞ ሳያስመዘግብ የወረደ ሰው ይቀጣል። በሶም ይሁን ቆሎ እዛው ካቢን ይቆይ።

ጫት በፍጹም። ይኼን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምለው። እዚህ በየሰፈሩ ስለሚሸጥ ምንም አይመስላቸውም። ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 ከልክለዋል፤ አሜሪካና ሳዑዲም ወንጀል ነው። የደረቀውም ያው ነው። የሰው ዕቃ «እባክህ ለአክስቴ አድርስልኝ» ተብሎ መቀበልም እንዲሁ፤ ራሱ ያላሸገውን አይያዝ።

ከዚያ የሰዓቱ ነገር አለ። መውረጃው ደረጃ አጠገብ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ የመመለሻ ሰዓት 21:00 ይላል። ይህ ለእኛ ማታ 3 ሰዓት ነው። «ዘጠኝ ሰዓት» የሚል ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረበት ልጅ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢመጣ የሚያገኘው ባዶ ውኃ ነው። ስልኩን ገና ከቤት ሲወጣ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀይረው። ሲወርድ የመርከቡን ስም፣ የተርሚናሉንና የበሩን ቁጥር፣ የኤጀንቱን ስልክ በወረቀት ይጻፍ። ስልክ ይዘጋል፣ ወረቀት አይዘጋም። መርከቡ ጥሎት ከሄደ ሳይደናገጥ ወዲያው ኤጀንቱ ጋ ይደውል። የሚደበቅ ሰው ነው የሚጠረጠረው።

ስሜ ይቆይ፦
ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅ። እዛው ቢቀርስ? ብዙ ሰው ቀርቶ ኑሮውን መሥርቷል እኮ።

ከለገሃር፦
ይኼ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። በግልጽ ልንገርህ። በአገሩ ላይ ሕይወቱ በእውነት አደጋ ላይ የሆነ ሰው ጥገኝነት የመጠየቅ መብት አለው፤ እሱ ጉዳይ የጠበቃ ነው፣ በእኔ ምክር የሚሆን አይደለም። አንተ የምትለው ግን ይመስለኛል ሌላ ነው። ዕድሜውን ሰጥቶ የተማረበትን ሙያ ጥሎ፣ ያለ ወረቀት ሳህን ለማጠብ ከሆነ ሂሳቡ አይገባኝም። መኮንን ሆኖ ቢያድግ በዶላር የሚከፈለው ልጅ ነው። ደግሞ እሱ ሲጠፋ ኩባንያው ላይ ወጪና ቅጣት ይመጣል። በማግስቱ የሌሎቹ ሐበሾች መውረጃ ይዘጋል፤ ኩባንያውም በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ አገር ካዴት አልወስድም ሊል ይችላል። ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች እዚህ ካፌ ውስጥ ፊቴ ተቀምጠዋል። እኔ ስለነሱ ነው የምናገረው።

ከሮተርዳም፦
የእኔስ አይቀርም፣ እናቴ ትገድለዋለች! ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል ጋሼ። ደመወዙ የተወሰነው አልገባም አለኝ። ማንን ነው የሚጠይቀው? ኩባንያውን ማስቀየም ፈርቷል።

ከለገሃር፦
መጀመሪያ መርከቡ ላይ ነው፤ በሥርዓት ለኃላፊው፣ ከዚያ ለካፒቴኑ ያመልክት። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ደመወዝ ከወር ባልበለጠ ጊዜ መከፈል አለበት ይላል። የክፍያ ወረቀቱንም በየወሩ መቀበል መብቱ ነው። ካልሆነ ግን ወደብ ላይ ነው ጉልበት የሚያገኘው። የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን፣ አይቲኤፍ፣ በትልልቅ ወደቦች ተቆጣጣሪዎች አሉት፤ ኔዘርላንድም አሉት። የወደቡ አገር መንግሥት መርማሪዎችም አቤቱታ ይቀበላሉ፣ ስሙንም በምስጢር ይይዛሉ። ማዕከሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ማንን እንደሚያገኝ ይጠቁሙታል። ኮንትራቱንና የክፍያ ወረቀቶቹን በስልኩ ፎቶ አንስቶ አስቀድሞ ላንቺ ይላክ፤ ቅጂው ምድር ላይ ይቀመጥ።

አንቺ ለጊዜው የተርሚናሉን ስም አግኚና እዚሁ ጻፊው። ሮተርዳም ያላችሁ ልጆች መኪና ያለው አንድ ሰው አይጠፋችሁም፤ ማስፍላክተ ድረስ ብቻዋን በአውቶቡስ እንዳትሄድ።