የብርቱካን አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ ዩሪያ ልጨምር ወይ? (አዳማ)

ባለማሳው
ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ አጠገብ 6 ዓመት የሞላው የብርቱካንና የመንደሪን ማሳ አለኝ። ውኃ የማጠጣው ከአዋሽ በተጠለፈ ቦይ ነው፤ ማዳበሪያውን ደግሞ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ የያዘውን) እና ዩሪያ ቀላቅዬ በየዛፉ ግንድ ዙሪያ እበትናለሁ። ዘንድሮ የካቲት ላይ ያቆጠቆጠው ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ መካከሉ ቢጫ ሆነ፤ ከወትሮውም ጠበብና አነስ ብሏል። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ግን ደህና ነው። ጎረቤቶቼ ዩሪያ ጨምርበት ይሉኛል። እውነት የጎደለው ዩሪያ ነው? በዓመትስ ስንት ጊዜና ምን ያህል ልስጥ?

የአፈር ባለሙያ
ዩሪያውን ለጊዜው ይተዉት። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅንን ነው፤ ናይትሮጅን ሲጎድል ደግሞ ዛፉ ካለው ላይ እየቀነሰ ወደ አዲሱ እንቡጥ ስለሚልከው መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው አሮጌው ቅጠል ነው፤ ቢጫነቱም ደም ሥሩን ሳይለይ ቅጠሉን በሙሉ ያዳርሳል። እርስዎ የገለጹት የዚህ ተቃራኒ ነው። አሮጌው ደህና ሆኖ አዲሱ ከታመመ፣ የጎደለው ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲሱ በቀላሉ የማይዛወር ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ጠቦና አንሶ መካከሉ ከተዥጎረጎረ ዚንክ፣ መጠኑ ሳይቀንስ ስስና ገርጣ ብሎ ደም ሥሩ ብቻ እንደ መረብ ከቀረ ደግሞ ብረት ነው። በእርስዎ ማሳ ይበልጥ የምጠረጥረው ዚንክን ነው።

በስምጥ ሸለቆው ብዙ ቦታ አፈሩ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) በመሆኑ ዚንክና ብረት በአፈሩ ውስጥ እያሉ ሥሩ ሊወስዳቸው በማይችል መልክ ይታሰራሉ። በዚህ ላይ ኤንፒኤስ 38 በመቶ ፎስፌት ስላለው በየዓመቱ ሲደጋገም የሚከማቸው ፎስፈረስ የዚንኩን እጥረት ያብሰዋል፤ ስለዚህ አፈርዎን ሳያስመረምሩ ዘንድሮ ኤንፒኤስ አይድገሙ።

ለአሁኑ 5 ግራም ዚንክ ሰልፌት በ1 ሊትር ውኃ አሟሙተው፣ ቅጠሉን እንዳያቃጥል የዚያን ግማሽ ያህል በውኃ የጠፋ ኖራ (ሃይድሬትድ ላይም) ጨምረው በደንብ ያጥልሉት። የሚረጨው አዲሱ ቅጠል ከሙሉ መጠኑ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲደርስ፣ ፀሐይ በረድ ባለበት ሰዓት ነው። የረጩት ዚንክ ወደ ቀጣዩ ቅጠል እምብዛም ስለማይተላለፍ በሚቀጥለው ማቆጥቆጥም መድገም ያስፈልጋል።

የአዋሽ ዳር አልሚ
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ርጭት ቅጠሉን ያክማል እንጂ ሥሩን አያክምም። በቦይ በሚጠጣ ማሳ ውኃው ግንዱ ሥር ተኝቶ የሚያድር ከሆነ ሥሩ አየር ያጣል፤ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ደግሞ የብረት እጥረቱ ይብሳል፣ የግንዱ ቅርፊትም እየበሰበሰ ሙጫ ማንባት ይጀምራል። በግንዱ ዙሪያ ክብ የአፈር ግድብ ሠርተው ውኃው ከእሱ ውጭ ባለ ቀለበት ውስጥ ብቻ እንዲቆም ያድርጉ፤ ቀጥሎ ከማጠጣትዎ በፊትም አፈሩን ቆፈር አድርገው እርጥብ መሆን አለመሆኑን በእጅዎ ጨብጠው ይዩት።

ማዳበሪያውም እንደ ውኃው ከግንዱ ራቅ ብሎ ነው የሚሰጠው። ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት ያሉት ቅርንጫፉ በሚያበቃበት ትይዩ ስለሆነ ግንዱ ሥር የተበተነው አብዛኛው ለአረም ነው የሚሆነው። ዩሪያ በእንዲህ ዓይነት አፈር ላይ ፀሐይ እያየው ከዋለ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይተናል፤ ስለዚህ ሥሩን ሳይቆርጡ አፈሩን ጫር ጫር አድርገው ያልብሱትና ወዲያውኑ ያጠጡት። ለደረሰና በደንብ ለሚያፈራ ዛፍ በዓመት 1 ኪሎ ገደማ ዩሪያ በቂ ነው፤ የእርስዎዎቹ ገና በማደግ ላይ ስለሆኑ ከዚያ ዝቅ ያድርጉት። አንዱን ሦስተኛ አበባ ከመምጣቱ በፊት፣ አንዱን ፍሬው ሽምብራ ሲያህል፣ የቀረውን ዝናቡ ሲጀምር ይስጡ። ፍሬው ሊበስል ሲቃረብ የሚሰጥ ዩሪያ ልጣጩን ያወፍረዋል፣ ቀለሙንም ያዘገየዋል።

ባለማሳው
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጥርጣሬዬን ቁርጥ አድርጋችሁልኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የዶሮ ፍግ በርካሽ አገኛለሁ፤ በዩሪያው ፋንታ ብጠቀምበትስ?

የአፈር ባለሙያ
ይቻላል፤ ግን ትኩሱን አይደለም። የዶሮ ፍግ ከከብት ፍግ ይልቅ ናይትሮጅኑም ጨውም የበዛበት ስለሆነ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ከገለባ ወይም ከደረቀ ቅጠል ጋር ከምረው፣ እርጥበቱን እየጠበቁና እያገላበጡ፣ ሽታው ጠፍቶ ሙቀቱ እስኪበርድ ያብላሉት፤ ከዚያ ከግንዱ አርቀው በጥላው ጠርዝ ላይ በስሱ ይበትኑት። የሰጡትን ያህል ዩሪያውን ይቀንሱ። ከፍጉ በላይ ደረቅ ሣር ቢያለብሱበት ደግሞ የአዳማ ንፋስና ፀሐይ እርጥበቱን ቶሎ አይወስድብዎትም።

አፈሩን ለማስመርመርና የሚቀጥሉትን ችግኞች በየትኛው የመሠረት ተክል (ሥር በሚሰጠው ዛፍ) ላይ እንደሚያስከትቡ ለመወሰን ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብዎ ስለሆነ ባለሙያዎቹን ያማክሩ። ኮምጣጣ ብርቱካን ኖራማ አፈርን ይችላል፤ ባለሦስት ቅጠሉ ብርቱካን ግን በእንዲህ ዓይነት አፈር ላይ ቶሎ ቢጫ ይሆናል።