የምርመራ ምስል መብዛት ቀዶ ሕክምናን ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ወገባቸውን ካመማቸው ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሐኪም ሳያዝላቸው በራሳቸው ኤምአርአይ ተነሥተው፣ ወረቀቱ ላይ «የዲስክ መንሸራተት» (ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ክፍል ነው) የሚል ስላነበቡ፣ «ቀዶ ሕክምና ካልተደረገልኝ» እያሉ ቤተሰቡን አስጨንቀዋል። እኔ የምርመራ ምስል እንደ ልብ በሚገኝበት አገር አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ይቀንሳል ብዬ አስብ ነበር፤ ሐኪሙ ውስጡን አይቶ ይወስናልና። ተሳስቻለሁ?

መልስ 1
ለትርፍ አንጀት አልተሳሳቱም። በእጅ ዳሰሳና በደም ምርመራ ብቻ ይወሰን በነበረበት ጊዜ፣ ከሚወጡት ትርፍ አንጀቶች ከ15 እስከ 20 በመቶው ጤነኛ ሆነው መገኘታቸው እንደ ስሕተት አይቆጠርም ነበር፤ የተቆጣው ፈንድቶ ሰው ከሚጎዳ ጤነኛውን ማውጣት ይሻላል ተብሎ። ሲቲ ስካን በተስፋፋባቸው የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይህ መጠን ከ10 በመቶ በታች ወርዷል፤ በተለይ የማኅፀን አካባቢ ሕመም ከትርፍ አንጀት ጋር በሚምታታባቸው ወጣት ሴቶች ላይ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል።

መልስ 2
የወገብ ሕመም ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ወገባቸውን የታመሙ 380 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ራጅ፣ ግማሾቹ ፈጣን ኤምአርአይ ተነሡ። ከዓመት በኋላ የሁለቱም ወገን ጤንነት ተቀራራቢ ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ግን ከራጁ ወገን 4፣ ከኤምአርአዩ ወገን 10 ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ፣ በ20 ዓመታቸው 37 በመቶ፣ በ80 ዓመታቸው ደግሞ 96 በመቶ ያህሉ ያረጀ ዲስክ ይታይባቸዋል። እንግዲህ የአባትዎ ምስል ያሳየው የሕመማቸውን ምክንያት ይሁን ዕድሜያቸውን፣ ምስሉ ብቻውን አይናገርም።

መልስ 3
ከዚህም የባሰው በደቡብ ኮሪያ ደርሷል። ከመደበኛው የጤና ምርመራ ጋር በጥቂት ተጨማሪ ክፍያ የታይሮይድ ዕጢን (አንገት ላይ ያለ፣ ሆርሞን የሚያመነጭ አካል) በአልትራሳውንድ ማስመርመር በመለመዱ፣ የታይሮይድ ካንሰር የሚገኝበት መጠን እ.ኤ.አ. በ2011 ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተለወጠም፤ ማለትም ከተገኙት ካንሰሮች ብዙዎቹ ባይገኙም ሰው የማይገድሉ ነበሩ። ካንሰሩ ከተገኘባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ የታይሮይድ ዕጢው በሙሉ የወጣለት ሰው ደግሞ ሆርሞኑን ለመተካት ዕድሜ ልኩን ኪኒን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ ሐኪሞች ምርመራውን በይፋ ከተቃወሙ በኋላ ቀዶ ሕክምናው በአንድ ዓመት ውስጥ በ35 በመቶ ቀነሰ።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲህ አባቴን ምን ልበላቸው?

መልስ 2
ምስሉን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱና ሐኪሙ ከምስሉ አስቀድሞ እሳቸውን ይመርምር። እግራቸው እየሰነፈ ከሆነ፣ በመቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዛቸው ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።