ክርክር፦ የ1960ዎቹን ተማሪ ወደ ነፍጥ ያደረሰው ምንድን ነው?

አንባቢው፦ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣ ተማሪ፣ በ1969 አዲስ አበባ ላይ እርስ በርሱ በሽጉጥ ይፈላለግ ነበር። በመካከሉ ምን ሆነ? እኔ የምወቅሰው መጽሐፉን ነው። ሌኒንን ሸመደዱ፣ ገበሬውን ግን አላወቁትም።

ጋሽ ታዛቢ፦ መጽሐፍ ብቻውን እዚያ አያደርስም። ታኅሣሥ 1962 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግስቱ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አስከሬኑን ከበው በሚያለቅሱ ልጆች ላይ ወታደር ተኮሰ። ያን ያየ ልጅ «አቤቱታ እናስገባ» የሚለውን ጓደኛውን ከዚያ ወዲያ እንዴት ይስማው?

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ያለውን አያስረዳም። ከተማሪው የወጡት ሁለቱ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ ሶሻሊስት ነበሩ። «መሬት ላራሹ»ም በየካቲት 1967 ታወጀ። የተለያዩት ሥልጣን የያዘውን ወታደራዊ ደርግ በምን ዓይን እንየው በሚለው ነው፤ መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» (እየተቹ መደገፍ)፣ ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ»። በዚህ ተገዳደሉ።

የእናቴ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ ነበሩ። አያቴ ምሳ ስታቀርብ አንደኛው በልቶ እስኪወጣ ሌላው ደጅ ይቆም ነበር። ክፉ ልጆች አልነበሩም። የፓርቲ ህዋስ ማለት በምስጢር ስም የሚጠራሩ አራት አምስት ልጆች ናቸው፤ ከነሱ ውጭ የሚያማክሩት ሰው የለም። «ቆይ እስቲ» ያለ አድርባይ ይባላል። ስለዚህ የተጠራጠረው ዝም ይላል፤ ዝምታውን ሌሎቹ ስምምነት አድርገው ይወስዱታል። አንድ ጓደኛ ከሞተ ደግሞ ወደ ኋላ ማለት ደሙን መካድ ይሆናል።

አንባቢው፦ እኅቴ፣ እንዲህ ካልን ማን ተጠያቂ ሊሆን ነው? ሚያዝያ 1969 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ደም የመሰለ የሞላበትን ጠርሙስ ሲከሰክስም ቡድኑ ገፋፋው ልንል ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ በጭራሽ! እስር ቤቱም ጦሩም በእጁ የነበረን መንግሥት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጋር አንድ ላይ መመዘን ግፍ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ልጆቹ መውጣት ለምን አቃታቸው የሚለው ነው።

ጋሽ ታዛቢ፦ ልጄ፣ ያ ዝም ያለው እኔ ነኝ። ካዛንቺስ በአንዲት ክፍል አምስት ሆነን ስለ አንድ የክፍል ጓደኛችን ተነጋገርን፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳያናግረው ተባለ፣ ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ልጁ በማግስቱ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከአምስታችን አንዱን አግኝቼ ስጠይቀው፣ እሱም ያን ቀን እጁን ያወጣው እኔን አይቶ ነበር።