ለመጪው የቡና ወቅት የጋራ ግራሶ ግዢ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ
እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ በተነጋገርነው መሠረት ረቂቁን አውጥቻለሁ። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ እያንዳንዳችን ከጅማው ሄርማታ መርካቶ በቆርቆሮ እየለቀምን ከምንገዛ በማኅበሩ ስም በበርሜል እንግዛ። ዓይነቱ ቁጥር 3 ኢፒ (ለከፍተኛ ጫና ቅመም የተጨመረበት) ይሁን፤ ወፍራም ስለሆነ ጫና ይችላል። ማበጠሪያ ያላችሁ አባላት ደግሞ ቡናውን ወደ ላይ ለሚያወጡት ኤሌቬተሮችና መሰላል ለሚጠይቁት ኩሽኔታዎች (ዘንግ ለሚዞርባቸው ባለ ኳስ ቀለበቶች) ሁሉ ከአንድ ፓምፕ የሚነሳ ማዕከላዊ መስመር በጋራ አስገቡ። እስከ ጳጉሜ 3 አስተያየታችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል።

መካኒክ፣ አጋሮ
በርሜሉን እደግፋለሁ። ቁጥር 3 ግን ይውጣልኝ። ቁጥሩ የሚናገረው ግራሶው ምን ያህል ጠጠር እንዳለ ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ 60 ጊዜ ካሹት በኋላ ሾጣጣ ብረት በላዩ ይለቁበትና በ5 ሰከንድ ምን ያህል ሰርጎ እንደገባ ይለካሉ። ከ220 እስከ 250 አሥረኛ ሚሊሜትር ከገባ ቁጥር 3፣ ከ265 እስከ 295 ከገባ ቁጥር 2፣ ከ310 እስከ 340 ከገባ ቁጥር 1 ይባላል። በቃ። ስለ ጫና የሚለው ነገር የለም።

ጫናውን የሚሸከመው ውስጡ ያለው ዘይት ነው። የዘይቱ ውፍረት በመረጃ ወረቀቱ ላይ ለብቻው ይጻፋል፣ 220 ወይም 460 እየተባለ፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ዘይቱ ወፍራም ነው። ቁጥር 3 ሆኖ ቀጭን ዘይት የያዘ ግራሶ አለ፤ ቁጥር 1 ሆኖ 460 የያዘም አለ። ዝግ ብሎ ከባድ ለሚያዞር ኩሽኔታ እኔ ሁለተኛውን ነው የማስገባው። ሱቅ ውስጥ ጣት ነክሮ «ይሄ ወፈር ይላል» እያሉ መምረጥ ይቅር።

የእጥበት ጣቢያ ኃላፊ፣ ሊሙ ኮሳ
አንድ ነገር አስረዱኝ። ዘይት ፈሳሽ ነው፣ ብረቱ በቶን ይጫነዋል። እንዴት ከመሃል ሾልኮ አይወጣም? ጋሼ፣ እርስዎ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ ቴክኒሺያን፣ ጂሬን
እሺ ወንድሜ። ፈሳሽ ሲጫኑት ይወፍራል። ካርል ባረስ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1893 ስሌቱን አስቀምጦታል፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ውፍረቱ በእጥፍ በእጥፍ ነው የሚያድገው። የተለመደው የማዕድን ዘይት በ1,000 ባር (የአየር ግፊትን 1,000 ጊዜ ያህል) ወደ 7 እጥፍ ይወፍራል። ኩሽኔታ ውስጥ ኳሷ ቀለበቱን በምትነካባት ጠባብ ቦታ ላይ ግን ግፊቱ ከ10,000 ባር ያልፋል። እዚያች ቦታ ላይ ዘይቱ ለቅጽበት ጠጣር ሊባል ምንም አይቀረው። ሾልኮ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ ኳሷ አልፋ ስትሄድ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ብረቱም ራሱ በመጠኑ ተለጥጦ ቦታ ይሰጠዋል። በመካከላቸው የሚቀረው ስስ ሽፋን ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እንኳ አይሞላም። አሸዋና የገለባ ብናኝ ለምን እንደሚገድለን ከዚህ ይገባችኋል።

ኢፒ የምትሉት ቅመም ሥራ የሚጀምረው ይህ ሽፋን ሲሰበር ነው፤ ማሽን ሲነሳ፣ ሲቆም፣ ድንጋይ ሲገባበት። ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ብረት ከብረት ተፋጭቶ በሚግልበት ቦታ ላይ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ልባስ ይሠራል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የነሐስ ቡሽ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ያላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ሙቀት ሲበዛ ድኙ ነሐሱን ሊበላው ይችላል። «ኢፒ» የሚለውን ቃል ለሁሉም ማሽን አትጻፉት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ፣ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ማዕከላዊ መስመር ስትሉ ግራሶ በቱቦ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስባችኋል? ውሃ ትንሽም ብትገፋው ይሄዳል። ግራሶ እስከተወሰነ ግፊት ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ ያንን ሲያልፍ ነው የሚለቀው፣ ከለቀቀ በኋላ ደግሞ በፈጠነ ቁጥር ይሳሳል። ለመነሳት የሚጠይቀው ግፊት ከቱቦው ርዝመት ጋር ይጨምራል፣ በቱቦው ስፋት ልክ ይቀንሳል። ምሳሌ ላስላላችሁ፦ የመነሻ ጥንካሬው 300 ፓስካል የሆነ ግራሶ፣ ውስጡ 6 ሚሊሜትር በሆነ የ30 ሜትር ቱቦ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ለማንቀሳቀስ ብቻ 60 ባር ይፈልጋል። ቱቦውን 12 ሚሊሜትር አድርጉት፣ 30 ባር ይበቃዋል።

መካኒክ፣ አጋሮ
ፓምፑ ግን 200 ባር ይሰጣል እኮ ጋሼ። 60 ምን አላት?

ጡረተኛ ቴክኒሺያን፣ ጂሬን
ሲሄድ አይቸግርም፣ ሲመለስ ነው ችግሩ። በነጠላ መስመር ስልት እያንዳንዱ ኩሽኔታ ጋ ያለችው መጣኝ (ግራሶውን ለክታ የምትሰጥ ዕቃ) መርፌዋን ገፍታ ድርሻዋን ከሰጠች በኋላ ለቀጣዩ ዙር እንድትሞላ የመስመሩ ግፊት መውረድ አለበት። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ወደ 40 ባር እስኪወርድ ይጠብቃል። ግራሶህ ቱቦው ውስጥ 60 ባር ይዞ ከተቀመጠ መጣኟ አትሞላም። ፓምፑ ይሠራል፣ መለኪያው ይንቀሳቀሳል፣ ኩሽኔታው ይደርቃል። ማንም ሳያውቅ።

ሙቀቱንም አትርሱ። ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር በ25 ዲግሪ የተለካ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ጅማ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሁላችሁም ጋቢ ለብሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማሽኑ የሚነሳውም በዚያ ሰዓት ነው።

ጥገና ባለሙያ፣ መንደራ ቆጪ
ጋሼ ያሉት ላይ የምጨምረው አለኝ። አንድ ማበጠሪያ ውስጥ ከክረምቱ በፊት ግፊቱ ሳይለቀቅለት የተዘጋ መስመር ከፍቼ አይቻለሁ። ከመጣኟ አፍ ላይ የወጣው ነገር ግራሶ አይባልም፤ ግራጫ፣ ደረቅ፣ በጥፍር የሚፈረፈር ነው። ከስር ደግሞ ንጹሕ ቢጫ ዘይት ጠብ ጠብ እያለ ወለሉን አርሶታል። አይብ ሲጨመቅ አጓቱ እንደሚወርድ ማለት ነው፣ የቀረው ደረቁ ሳሙና ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግራሶ አብዛኛው ዘይት ነው፣ ዘይቱን አቅፎ የሚይዘው፣ ሳሙና የምንለው ነገር ጥቂት ነው። ግፊት ውስጥ ሆኖ ሲፈስ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ቆሞ ሲጨመቅ ግን ዘይቱ በጠባቧ ክፍተት ሾልኮ ይሄድና ሳሙናው ይቀራል። ስለዚህ ረቂቁ ላይ «ወቅቱ ሲያልቅ መስመሩ ግፊቱ ተለቅቆ ይቆማል» የሚል ቃል ይግባ። ማጣሪያ ወንፊትም እጅግ ደቃቅ አይሁን፣ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው። በርሜሉ ላይም ተከታይ ክዳን (ግራሶው ሲቀንስ አብሮ የሚወርድ) ይኑር፤ ፓምፑ አየር ከሳበ አየሩ ተጨምቆ ይመለሳል እንጂ ግራሶ አይገፋም።

የእጥበት ጣቢያ ኃላፊ፣ ሊሙ ኮሳ
እኛ ጋ እንኳን ማዕከላዊ መስመር መብራቱም ሲመጣ ነው። ለመፈልፈያው በእጅ ፓምፕ ነው የምንሰጠው። ችግራችን ውሃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይረጫል፣ ማታ ላይ ግራሶው ነጭ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ለእኛ የሚሆነው የትኛው ነው?

መካኒክ፣ አጋሮ
የሶዲየም ሳሙና ያለበትን በጭራሽ እንዳትነካ፣ ከውሃ ጋር ይቦካል። ካልሲየም ሰልፎኔት ኮምፕሌክስ የሚሉት ውሃንም ጫናንም ይችላል፣ ዋጋው ግን የሊቲየም ሳሙና ካለበት ከተለመደው ግራሶ ከፍ ይላል። ስትቀይር አሮጌውን ጠርገህ አውጣ። ሁለት ዓይነት ሳሙና ሲገናኝ አንዳንዴ ሁለቱም ይሟሟሉ፣ ግራሶው ቀጥኖ በሲሉ (በኩሽኔታው ዳር ባለው መዝጊያ) ይፈሳል። የኤሌክትሪክ ሞተሮቹን ተዋቸው፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ፖሊዩሪያ የሚባል ሌላ ዓይነት ግራሶ ተሞልተው ነው የሚመጡ፣ በላዩ ሊቲየም አትጨምሩ።

ሒሳብ ሹም
ወንድሞቼ፣ እየተማርኩ ነው፣ ግን በርሜሉ አንድ ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ? አንድ ዓይነት ብንገዛ ነው ዋጋው የሚቀንስልን። ሦስት ዓይነት ከሆነ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ደግሞ ከቡናው በላይ ያሉት ኩሽኔታዎችስ? ገዢ ናሙና ቀምሶ «ማሽን ማሽን ይላል» ካለ ከግራሶ የቆጠብነው ሳንቲም አያድነንም።

ጥገና ባለሙያ፣ መንደራ ቆጪ
እቴ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። ከፍሬው በላይ ለሚንጠባጠብበት ቦታ ለምግብ ማሽን የተመዘገበ፣ ኤች1 የሚባል ግራሶ አለ። ውድ ነው። ግን የሚያስፈልገው ለጥቂት ኩሽኔታ ነው፤ በቆርቆሮ ይበቃል። እኔ የምለው ሁለት በርሜልና ጥቂት ቆርቆሮ ነው፦ ለማበጠሪያዎቹ ሊቲየም ኮምፕሌክስ ቁጥር 1፣ ለእጥበት ጣቢያዎቹ ካልሲየም ሰልፎኔት ቁጥር 2፣ ከቡና በላይ ላሉት ኤች1።

ሒሳብ ሹም
ቁጥር 1 ከሲሉ አይፈስም? መክፈል ካለብኝ ልጠይቅ።

ጡረተኛ ቴክኒሺያን፣ ጂሬን
ቆሞ ለተተከለ ዘንግና ሲሉ ላረጀ ማሽን ሊፈስ ይችላል። ለዚያ ነው ከመግዛታችን በፊት መፈተን ያለብን። ፈተናው ቀላል ነው፣ ጥቂት ባለሙያዎች ተሰብስበው ይሠሩታል። 7.6 ሜትር የሩብ ኢንች የመዳብ ቱቦ ይጠቀለላል፣ ጫፉ ላይ ቫልቭና የግፊት መለኪያ ይገጠማል። በግራሶ ሞልቶ እስከ 124 ባር መግፋት፣ ቫልቩን መክፈት፣ ከ30 ሰከንድ በኋላ መለኪያው ላይ የቀረውን ማንበብ። የቀረው ግፊት ትንሽ ከሆነ መስመሩ ይተነፍሳል። ብዙ ከሆነ ወይ ቱቦው ይስፋ፣ ወይ ግራሶው ይቅጠን። ንጋት ላይ፣ ከፀሐይ በፊት ይሠራ። ነጋዴው ናሙና ካልሰጠ አንገዛም፣ በቃ።

የደኅንነት ተጠሪ
ፈተናው ላይ አንድ መስመር ይግባልኝ። የእጅ ፓምፕ ከ400 ባር በላይ መስጠት ይችላል። የጎማ ቱቦ ላይ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ግራሶ ቆዳን በስቶ ጣት ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ነጥብ ታህላለች፣ አያምም፣ ሰውዬው ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል፤ ከሰዓታት በኋላ ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም፣ በካርቶን ነው። የተወጋ ሰው ካለ ያን ጊዜውኑ ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል፣ «ግራሶ በግፊት ገባብኝ» ብሎ ይናገር፣ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። ይህን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈን ፓምፑ ያለበት ግድግዳ ላይ እንለጥፍ።

የእጥበት ጣቢያ ኃላፊ፣ ሊሙ ኮሳ
በእጅ ፓምፕ ስንት ጊዜ እንጫን የሚለውንም ጨምሩበት። ልጆቹ በሲሉ እስኪወጣ ድረስ ነው የሚጭኑት።

መካኒክ፣ አጋሮ
እሱ ነው ሲሉን የሚያስፈነጥረው። ኩሽኔታ ውስጥ ካለው ባዶ ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ቢሞላ ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግራሶው ራሱ እየተላወሰ ይግላል። ለመጨመሪያው፣ የውጭ ዲያሜትሩን በስፋቱ (ሁለቱንም በሚሊሜትር) አባዛ፣ በ0.005 አባዛ፣ ግራሙን ይሰጥሃል። 22216 የሚለው ኩሽኔታ 140 በ33 ነው፣ ወደ 23 ግራም ማለት ነው። ፓምፕህ በአንድ ጭነት ስንት ግራም እንደሚሰጥ ደግሞ ናሙና ቡና በምትመዝንበት ሚዛን ላይ አሥር ጊዜ ጨምቀህ መዝነው፣ ለአሥር አካፍለው፣ ፓምፑ ላይ ጻፈው።

ጸሐፊ
ረቂቁን በዚህ መልክ ቀይሬዋለሁ። «ቁጥር 3 ኢፒ» ወጥቷል። ግዢው ሁለት ዓይነት በርሜልና ጥቂት ቆርቆሮ ኤች1 ሆኗል፤ የነሐስ ቡሽ ያላቸው ማሽኖች ዝርዝር ከየአባሉ ተሰብስቦ ለብቻው ይታያል። ማዕከላዊ መስመር የሚተከለው ፈተናው ካለፈ ብቻ ነው፤ የቱቦው ስፋት በፈተናው ውጤት ይወሰናል፣ ወቅቱ ሲያልቅ ግፊቱ ይለቀቃል። የደኅንነት ጽሑፉና የግራም ስሌቱ በአባሪነት ገብተዋል። የሾጣጣ መለኪያ ካላቸው እንዲያግዙን ኪቶ ፉርዲሳ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ) ላሉት የሜካኒካል መምህራን ደብዳቤ እጽፋለሁ። የኤች1ን ዋጋ ማን ይሸፍን የሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም፤ ማበጠሪያ ያላቸው ብቻ ይክፈሉ ወይስ ሁላችንም?

ሒሳብ ሹም
ሁላችንም። የአንዱ ቡና ሲበላሽ የጅማ ቡና ስም ነው የሚነሳው። ጉባኤው ላይ እከራከርበታለሁ።

የእጥበት ጣቢያ ኃላፊ፣ ሊሙ ኮሳ
እኔ አልስማማም፣ ግን ለጉባኤው ይቆይ።

መካኒክ፣ አጋሮ
የመዳብ ቱቦና ቫልቭ እኔ ጋ አለ። የግፊት መለኪያው እስከ 100 ባር ብቻ ነው የሚያነበው፣ ከ200 ያላነሰ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ። መስከረም 8 ንጋት 12 ሰዓት፣ ቆጪ ጋራዡ ጋ።