የእማዬ ፊት ፎቶ ላይ ለምን ይጠቁራል?

የሮቢት ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነኝ፣ ሮቢት። ካሜራ የለኝም፣ የማነሳው በስልክ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አባታችን ሲያርፍ ነው። ለለቅሶው ፎቶ ስንፈልግ ከሦስት ጉርድ ፎቶ በቀር አጣን። ሦስቱም ለመታወቂያ የተነሳቸው ናቸው። ሲስቅ የሚያሳይ፣ ጫማውን ሲጠርግ፣ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሬድዮ ሲሰማ የሚያሳይ አንድም የለም። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ሰው ሁሉ ማንሳት ጀመርኩ። በተለይ እማዬን።

ግን አልሆነልኝም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፈላች። ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ጭሱ ላይ ሲያርፍ እንደ ስስ ሻሽ ሆኖ በአናቷ ላይ ይንሳፈፋል። ልቤ ቆመ። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁ። ሳየው እማዬ የለችም! መስኮቱ ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፣ ፊቷ ከሰል። ፍላሽ አብርቼ ደገምኩ። አሁን ደግሞ ግንባሯ ይብለጨለጫል፣ የጀበናው ጥላ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ጭሱ ደብዛው ጠፍቷል።

ውጭም ያው ነው። በ6 ሰዓት ተኩል ፒያሳ ላይ ወንድሜን ከጓደኞቹ ጋር አነሳሁት፣ የሁሉም ዓይን ጉድጓድ የገባ ይመስላል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ስልክ ልቀይር? ለካሜራ እቁብ ልግባ? ወይስ የማላውቀው ነገር አለ? እባካችሁ ፊልተር አትበሉኝ። የእማዬን ፊት እንደሆነው ነው የምፈልገው።

አሮጌው ፎቶ ቤት፦

ልጄ፣ አባትሽን ነፍሱን ይማረው። እቁቡን ለጊዜው ተይው።

እኔ ደሴ ውስጥ 22 ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ፣ በጥቁርና ነጭ ጀምሬ እስከ ቀለም። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር የሚያወጣው። እያንዳንዱ ገንዘብ ነው፣ ታጥቦ እስኪመጣም ምን እንዳነሳሽ አታዪም። ስለዚህ ከመጫናችን በፊት እናይ ነበር። መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ ሰውየው ወዴት እንደዞረ። ካሜራው የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እናትሽን ጀርባዋን ለመስኮቱ ስላስቀመጥሻት ብርሃኑ ሁሉ የሚያርፈው ማጅራቷ ላይ ነው። በርጩማዋን አዙሪው። መስኮቱ ከፊት ለፊቷም አይሁን፣ ፊት ለፊት ከሆነ ብርሃኑ ፊቷን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ጉንጯን ይንካው፣ ከጎን። ያኔ የአንዱ ጉንጭ መስመር፣ የዓይኗ ውሃ፣ የአንገቷ ንቅሳት ካለም እሱ፣ ሁሉም ይወጣል። በጨለመው ወገን ወንበር ላይ ነጭ አንሶላ ጣይበት። ብርሃኑን መልሶ ይሰጥሻል። ስቱዲዮ ውስጥ ትልቅ መብራት ገዝተን የምናደርገውን አንሶላዋ ታደርገዋለች።

አንዳንድ እናቶች ፎቶ ሲባል ደንገጥ ብለው ቀጥ ይላሉ። ቡናውን እየቆላች አንሺያት። እጇ ሥራ ሲይዝ ፊቷ ይፈታል።

ለወንድምሽ ደግሞ፣ በቀትር ሰው ፀሐይ ላይ አይነሳም። በረንዳ ሥር አስገቢውና ፊቱን ወደ ውጭ አዙሪው። ያው ብርሃን ነው፣ ግን ለስልሶ ይደርሰዋል።

መምህር ከኮምቦልቻ፦

ጋሼ የተናገሩት እውነት ነው። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ምክንያቱን ልጨምር፣ ምክንያቱ ሲገባ አይረሳም።

ካሜራ ነጭ ምን እንደሆነ፣ ጥቁር ምን እንደሆነ አያውቅም። ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ አደባልቆ አማካዩ መሃለኛ ግራጫ እንዲሆን ብርሃኑን ይመጥናል። ነጭ ነጠላና ነጭ መስኮት ሲያይ «በጣም በርቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። መጀመሪያ የሚጠፋው ጠይም ፊት ነው። ለዚህ ነው ነጠላና ጋቢ ለባሽ እናቶቻችን ሁልጊዜ የሚጠቁሩት። ጥፋቱ የፊታቸው አይደለም።

መፍትሔው ስልክሽ ውስጥ አለ። የእናትሽን ፊት ስክሪኑ ላይ በጣትሽ ንኪው፣ እስኪቆለፍ ድረስ ተጭነሽ ያዢው። ብዙ ስልኮች ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይመጣል። ወደ ላይ ስትጎትቺው ይደምቃል፣ ወደ ታች ይጨልማል። ፊቷ በትክክል ሲታይ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይጠፋ ይሆናል። ይጥፋ! የምታነሺው እናትሽን ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የቆየ ጉዳይ ነው። በቀለም ፊልም ዘመን የማጠቢያ ማሽኖች ቀለም የሚስተካከለው የፊልም ኩባንያው ኮዳክ በሚያድለው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ተሳካ ማለት ነው። የእኛ ፊት በዚያ ሚዛን ውስጥ አልነበረም። ጋሼ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ሁለተኛ፣ ርቀት። ከትንሽ የብርሃን ምንጭ ርቀትሽ እጥፍ ሲሆን የሚደርስሽ ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። መስኮት ሰፊ ስለሆነ ልክ እንደዚያ ባይሆንም፣ በርጩማዋን አንድ እርምጃ ወደ መስኮቱ ማስጠጋት አዲስ ስልክ ከመግዛት ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ የፒያሳው። ደሴ ላይ ፀሐይ ከሁሉ በላይ ከፍ የምትለው 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። አንቺ ያነሳሽው ልክ በዚያ ሰዓት ነው ማለት ነው። እኛ ባለንበት ኬክሮስ ደግሞ በዓመት ሁለት ቀን፣ ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 አካባቢ፣ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፤ በእነዚያ ቀናት የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። ከአናት የመጣ ብርሃን ቅንድብን ጥላ ያደርገዋል፣ ዓይን ጉድጓድ ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስላለች አየሩም ስስ ነው። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥላውም ይከርራል። ኮምቦልቻ ወርደሽ ብታነሺ ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። የቆርቆሮ ጣሪያችሁ ላይ የሚስማር ቀዳዳ ካለ ቀን ላይ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ታያለሽ። ቀዳዳው ክብ ባይሆንም ብርሃኑ ክብ ነው። ለምን? የፀሐይዋ ምስል ስለሆነ። ቤታችሁ ካሜራ ሆኗል ማለት ነው። የብርሃን ሊቁ ኢብኑ ሃይተም የዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ በጨለማ ክፍል ያጠናው ይህንኑ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ስትጋረድ፣ ላሊበላ ላይ ቀለበት በሆነችበት ቀን፣ እኔ ከዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። በቅጠሎቹ መሃል ያለፈው ብርሃን ሁሉ መሬት ላይ ቀጭን ጨረቃ ሆኖ ወደቀ። በመቶ የሚቆጠር ጨረቃ፣ አቧራ ላይ። ልጆች እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸው ላይ ያዟት። ሁሉም ሰው ወደ ላይ ሲያይ እኔ መሬቱን አነሳሁ። እስከዛሬ ካነሳሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ሐይቅ ዳር፦

«በቀትር አታንሱ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ» ተብሎ ሁሌ በሚመከረው ነገር ላይ በግማሹ አልስማማም። ደሴ የጉም ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍነው ቀኑን ሙሉ እንደ ትልቅ ነጭ ድንኳን ነው። ጥላ የለም፣ ማንም ዓይኑን አያጨነቁርም፣ የጃንጥላው ቀይ ከሩቅ ይጣራል። የከተማ ፎቶ ከፈለግሽ ነሐሴን አትዝለይው። ብቻ ስልኩ ጉሙን አይቶ ሁሉን ግራጫ ስለሚያደርገው መምህር ያሉትን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ሳቢው።

የጠራ ቀን ሲሆን ደግሞ ተራሮቹን አስቢ። አዝዋ ገደል በምሥራቅ፣ ጦሳ በምዕራብ። ጠዋት ከተማው ገና ጥላ ውስጥ እያለ የጦሳ ግንባር ይቀላል። ማታ ደግሞ ጦሳ ፀሐይዋን ቶሎ ስለሚወስዳት፣ ሜዳ አገር ላለ ሰው የተጻፈውን «ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት» የሚለውን ምክር ከተከተልሽ ትቀደሚያለሽ። 10 ሰዓት ላይ ውጪ።

ከጠለቀች በኋላም አትሂጂ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ የሱቆቹ አምፖል ቢጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ 20 ደቂቃ ብትቆይ ነው።

የባቲ ልጅ፦

ስለ ብርሃኑ ተብሏል። እኔ ስለ ሰዎቹ ልበል።

ገበያ ማንሳት እወዳለሁ። የባቲ ሰኞ ገበያ፣ ግመሉ፣ አቧራው፣ የሴቶቹ ጨሌ፣ ጠዋት ላይ ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ አቧራው ራሱ ወርቅ ይሆናል። ግን ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት አቁሜያለሁ። አንዴ ሸክላ የሚሸጡ እናት ስልኬን አዩና «ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አፍሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ፣ ውሃ አጠጡኝ፣ በመጨረሻ ራሳቸው «በይ አንሺ» አሉ። ፎቶውን አሳጥቤ በሚቀጥለው ሰኞ ወሰድኩላቸው። ሁለቱን ጥግ በጣታቸው ብቻ ይዘው ብዙ አዩት፣ ከዚያ በመሐረብ ጠቅልለው ጉያቸው ከተቱት።

እህቴ፣ አንቺም አሳጥቢ። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል። የእኔ አንድ ዓመት ሙሉ ያነሳሁት በአንድ ቀን ሄዷል። የአባትሽ ሦስቱ ጉርድ ፎቶዎች የተረፉት ወረቀት ስለሆኑ ነው።

የሮቢት ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ሞከርኩ፣ ልንገራችሁ።

በርጩማዋን አዞርኩት። እማዬ መጀመሪያ «ቡና በዚህ በኩል ተፈልቶ ያውቃል?» ብላ አጉረመረመች፣ ኋላ ረሳችው። መስኮቱ በቀኝ ጉንጯ በኩል ሆነ። አንሶላ ወንበር ላይ አለበስኩ። ስትቆላ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ፊቷን ነክቼ ቆለፍኩ፣ ትንሽ ብቻ ወደ ታች ሳብኩት።

ወጣች። እውነተኛዋ እማዬ። ጭሱ ከቡናው ሲነሳ ብርሃኑ ያዘው። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ አለ። ቀኝ እጇ ላይ ልጅ ሆና ምጣድ ያቃጠላት ጠባሳ አለ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነው፣ ግን እንዲህ የሚያበራ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ቆዳው እዚያ ጋ ለስላሳ ስለሆነ ብርሃኑን እንደ ሐር ይመልሰዋል። ሳሳያት ስልኩን ራቅ አድርጋ ይዛ አየችና «እናቴን መሰልኩ» አለች። አያቴ አንድም ፎቶ የላትም። ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልን አላውቅም። ቶናው ቀዘቀዘ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሰን ሁላችንም አንድ ላይ እንቀመጣለን። ቤታችን የሚያወራው ያኔ ነው። እሱን ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ግን ሁሉም ደብዛዛ ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?

መምህር ከኮምቦልቻ፦

ደብዛዛ የሚሆነው ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ዓይኑን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚከፍት ነው። በዚያ መሃል እጅሽም እነሱም ይንቀሳቀሳሉ። ስልኩን በእጅሽ አትያዢው። የስኳር ዕቃ ወይም ብርጭቆ ላይ አስደግፊውና በሰዓት ቆጣሪው አንሺ፣ 3 ሰከንድ ላይ አድርጊው። መንካትሽ ራሱ ያነቃንቀዋል።

አሮጌው ፎቶ ቤት፦

የአያትሽን ነገር ሳነብ ተነስቼ ትንሽ ተንጎራደድኩ። ብዙ ሰው ፎቶ ቤቴ መጥቶ የሞተ ዘመዱን ከቡድን ፎቶ ቆርጠን እንድናሳድግለት ይለምነን ነበር። የጥፍር ያህል ፊት ነው የሚያመጡት። የቻልነውን ያህል እናደርግ ነበር። ያነሳሻትን እናትሽን በትልቁ አሳጥቢያት፣ ጀርባው ላይ ቀኑንና ስሟን ጻፊ፣ በእርሳስ ይሁን። እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጫነዋል፣ ቀለሙም ሊያልፍ ይችላል።

ለሻማው እንዲህ አድርጊ። ሻማውን መሃል ላይ ከጀበናው ወይም ከስኳር ዕቃው ጀርባ ደብቂው። ነበልባሉ ራሱ ካሜራው እንዳያየው፣ ብርሃኑን ብቻ ፊታቸው ላይ እንዲያይ። ነበልባሉን ካየ መስኮቱ ላይ የሆነው ይደገማል፣ ፊታቸው ይጨልማል። ሰዎቹን አቀራርቢያቸው፣ ትከሻ ለትከሻ። ፍላሽ በፍጹም። አውሩ፣ ግን አንድ ሰው ተረት ሲጨርስ ወይም ሌላው መልስ ሲያስብ ሁሉም ለአፍታ ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። እሱን ጠብቂ፣ ሲመጣ ተጫኚ።